የተወጋ ዓይን ያያል ወይ?

እንደምን አረፈዳችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች፣ የፋብሪካ ደህንነት ኃላፊዎች፣ መምህራን፣ እንዲሁም ዓይናቸው ተጎድቶ የታከሙ ሰዎች እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ስለዚህ የሐኪም ቋንቋ አላበዛም። ከበዛባችሁ እጃችሁን አውጡና አስቁሙኝ።

የዓይን ቀዶ ሐኪም በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ዶክተር፣ ያያል ወይ?» እናት ትጠይቃለች። የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል። ተጎጂውም ራሱ፣ ሕመሙን ትቶ ይህንኑ ይጠይቃል። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። አጭሩ መልስ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ማንም አያውቅም የሚል ነው። በዚያ ሌሊት «አዎ፣ ያያል» የሚል ሐኪም ቸኩሏል። «አይ፣ አልቆለታል» የሚልም ቸኩሏል። ከሁለቱ ግን የሁለተኛው ችኮላ ይብሳል። ምክንያቱም ተስፋ የተቆረጠበት ዓይን ቀጠሮ አይሰጠውም፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም አያገኝም። ረጅሙን መልስ አሁን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ዓይን ምን እንደሆነ እንይ። የአንድ ጎልማሳ ሰው ዓይን ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ነጩ ክፍል ስክሌራ ነው። እሱም ከኋላ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የዓይን ጡንቻዎች ከተያያዙበት ጀርባ ግን 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዓይንን ከውጭው ዓለም የሚለየው ይኼው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ስስ ነው። ቀለም ያለው ክፍል አይሪስ ነው። ከጀርባው ሌንስ አለ። ከሌንሱ ኋላ 4 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ጄል አለ፤ ቪትረስ እንለዋለን። የዓይንን የውስጥ ግድግዳ ያለበሰው ደግሞ ሬቲና ነው። ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይረው እሱ ነው። መልእክቱን ወደ አንጎል የሚወስደው የዓይን ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት። ኮርኒያ ይሰፋል። ሌንስ ይተካል። ቪትረስ ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ፈሳሽ ይተካል። ሬቲናና ነርቭ ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ይህችን ያዙልኝ። የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዓይን ውስጡ ግፊት አለው። ክብ ቅርጹን ጠብቆ የሚኖረው በዚያ ግፊት ነው። ግድግዳው ሲበሳ ግን ያው ግፊት ውስጥ ያለውን በቀዳዳው በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ተጎጂው ዓይኑን ሲጨምቅ፣ ሲያሽ፣ ሲያስመልሰው ይብስበታል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ማልቀሱ ብቻ ይበቃል።

የተበሳ ዓይን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓይን ሐኪሞች የሚስማሙበት አከፋፈል አለ። ስለታም ነገር ገብቶ ሌላ መውጫ ካላበጀ አንድ ዓይነት ነው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ከወጣ ሌላ ነው። የገባው ነገር እዚያው ውስጥ ከቀረም ሌላ ነው። በቡጢ፣ በድንጋይ ወይም በኳስ ተመትቶ ከውስጥ ወደ ውጭ የፈነዳ ደግሞ አራተኛው ነው። ይህ የሐኪሞች የስም ጨዋታ አይምሰላችሁ። ውጤታቸው ይለያያል። ብዙ ሰው ቢላዋ ከቡጢ የሚብስ ይመስለዋል። ለዓይን ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ስለት በቀጭኑ ቆርጦ ያልፋል። የፈነዳ ዓይን ግን ዙሪያውን ሁሉ ይናወጣል፤ ሬቲናውም ነርቩም አብሮ ይመታል።

ስፋቱን ለማሳየት አንድ ግምት ልጥቀስ። ለዓለም ጤና ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ሰውን ከአንድ ቀን በላይ ከሥራው የሚያስቀሩ የዓይን ጉዳቶች 55 ሚሊዮን ይሆናሉ ይላል። ከነዚህ ውስጥ የዓይን ግድግዳ የተበሳባቸው 200,000 ግድም ናቸው። በጉዳት ምክንያት ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች 1.6 ሚሊዮን፣ የአንድ ዓይናቸው ማየት የጠፋ ወይም የደከመ ደግሞ 19 ሚሊዮን ገደማ ተብለው ነበር። ቁጥሩ አርጅቷል፤ የጉዳዩን ክብደት ግን ያሳያል።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሰዓት እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም በዚህች ሰዓት እኔ የለሁም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ዓይኑ ላይ የተሰካውን ነገር አትንቀሉ። ሽቦም ይሁን እንጨት፣ ሚስማርም ይሁን መስታወት፣ ባለበት ይቆይ። አንዳንዴ ቀዳዳውን የደፈነው ራሱ የተሰካው ነገር ነው። የሚነቀለው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ ሰውየው ተኝቶ፣ ክርና መርፌ ተዘጋጅቶ ነው።

ዓይኑን አትጠቡ። እዚህ ላይ ሰው ይምታታል፤ ልክም ነው። ኖራ፣ አሲድ ወይም ሌላ ኬሚካል ሲገባ ሳይውሉ ሳያድሩ ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። ለተወጋ ዓይን ግን ውሃ አይጠጋም። ቅባትም አይቀባም፣ ጠብታም አይደረግም። ቤት ውስጥ የተቀመጠች የድሮ ጠብታ ካለች እዚያው ትቀመጥ።

ጥጥና ፋሻ አድርጋችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። ይህ በቅንነት የሚደረግ ጉዳት ነው። ፋሻው ዓይኑን ይጫነዋል፣ ውስጡ ያለው ይወጣል። የሚፈለገው ዓይኑን ሳይነካ የሚከልል ጠንካራ ነገር ነው። የተዘጋጀ መከለያ ከሌለ የወረቀት ኩባያ ግማሹን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙ በግንባሩና በጉንጩ አጥንት ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት። ከሥሩ ጥጥ አይግባ።

ተጎጂው ምግብም ውሃም አይቅመስ፤ ማደንዘዣ ይጠብቀዋልና። ለሕመሙ አስፒሪን አይውሰድ፣ መድማቱን ያበዛል። ራሱን ቀና አድርጎ ይቀመጥ። ማቅለሽለሽ ካለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ያላችሁ ባለሙያዎች የማስመለሻ መከላከያ ስጡት፤ አንዴ ማስመለስ ብዙ ሊያጠፋ ይችላል። የቴታነስ ክትባቱንም አትርሱ። ከዚያ ሳይዘገይ ይላክ። «ትንሽ እንየውና» የሚባል ነገር የለም።

አንድ የሚያታልል ጉዳት ደግሞ አለ። ሰውየው ብረትን በብረት ይመታል፤ በመዶሻ መሮ ይመታል እንበል። ከብረቱ ጫፍ የጤፍ ፍሬ እንኳ የማታክል ቅንጣት ተስፈንጥራ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ፍጥነቷ ከባድ ነው፣ ቀዳዳዋ ግን ትንሽ ነው። ወዲያው ልትደፈን ትችላለች። ሰውየው «ትንሽ ነካ አደረገኝ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ያያል፣ አይደማም፣ ብዙም አያመውም። ከወራት በኋላ ዓይኑ መደብዘዝ ሲጀምር ነው የሚመጣው። ብረት ዓይን ውስጥ ሲቆይ ይዝጋል፤ ዝገቱም ሬቲናን ቀስ እያለ ይመርዛል። ንጹሕ መዳብ ከሆነ ደግሞ በቀናት ውስጥ ዓይኑን ያስቆጣዋል። መስታወትና ብዙው ፕላስቲክ ሳይረብሹ ሊቀመጡ ይችላሉ። እንጨትና አፈር የነካው ነገር ሁሉ ግን ጀርም ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች፣ ታካሚው ምንም ያህል ቢያይ «ስትጎዳ ምን እየሠራህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ብረት እየመታሁ» ከሆነ የዓይን ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ አይሂድ።

ሆስፒታል ሲደርስ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ ማየቱ ይለካል። ፊደል ያነባል? ጣት ይቆጥራል? የእጅ እንቅስቃሴ ያያል? ብርሃን ይለያል? ይህ ቀላል የሚመስል ልኬት ከሁሉም ምርመራ በላይ ስለ ወደፊቱ ይናገራል። ከዚያ ዓይኑ መበሳቱ በግልጽ ከታየ ምርመራው እዚያ ላይ ይቆማል። የቀረው ቀዶ ክፍል ውስጥ ይታያል፤ የዓይን ቆቡን እየገለጡ መመርመር ራሱ ጉዳት ነው። ባዕድ ነገር ውስጥ መቅረቱን ለማወቅ ሲቲ ስካን ይነሳል። ኤምአርአይ ግን ብረት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይታሰብም። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ብረቱን ዓይን ውስጥ ያንቀሳቅሰዋል።

አሁን የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና። በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ይሠራል፤ በዘገየ ቁጥር ዓይን ውስጥ መግል የመያዙ ዕድል ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ ነው። ዓይን ዙሪያ የሚወጋ ማደንዘዣ ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ሊጫነው ስለሚችል ይቀራል።

የዚህ ቀዶ ሕክምና ዓላማ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማየትን መመለስ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚያዝንብን እዚህ ላይ ነው። «ኦፕራሲዮን ተደርጎ እንዴት አያይም?» ይላሉ። የዚያን ሌሊት ሥራችን ዓይኑን መዝጋት፣ ውሃ እንዳያፈስ ማድረግ፣ ጀርም እንዳይገባ መከላከልና የወጣውን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ማየቱ ከዚያ በኋላ በደረጃ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ በሩ ላይ፣ በግልጽ መናገር የሐኪሙ ግዴታ ይመስለኛል።

ስፌቱ በማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ለኮርኒያ የምንጠቀምበት የናይለን ክር 10-0 ይባላል። ከራስ ጠጉር ይቀጥናል፤ ከእጅ ቢወድቅ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። በመጀመሪያ ኮርኒያና ነጩ ክፍል የሚገናኙበት ድንበር ይሰፋል። ያ ቦታ በትክክል ከገጠመ ሌላው ይከተላል። አይሪስ በቀዳዳው ሾልኮ ወጥቶ ከሆነና ገና ሕይወት ካለው ታጥቦ ይመለሳል። የሞተ ወይም የቆሸሸ ከሆነ ይቆረጣል። ቪትረስ ወጥቶ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይጎተትም። ቪትረስ ከሬቲና ጋር የተያያዘ ነው፤ ብትጎትቱት ሬቲናን ይዞ ይመጣል። በቦታው እንዳለ ይቆረጣል።

ስፌቱ ራሱም ማየትን ያስባል። ከኮርኒያ ጠርዝ አካባቢ ረዘም ያለ ስፌት፣ ወደ መሃል ሲጠጋ አጠር ያለ። መሃሉ ማያ መስኮት ነውና በተቻለ መጠን ክር ባይረግጠው ይመረጣል። ክሩ ከጠበቀ ኮርኒያው ይጣመማል፤ ከላላ ውሃ ያፈሳል። መጨረሻ ላይ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ይደረግበታል። ቀለሙ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ የሚያፈስ ቦታ ካለ ውሃው ሲያጥበው ይታያል። ካለ እንደገና ይሰፋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ጥሩ ስፌት ከጥሩ ዕድል ጋር ሲገናኝ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ የሚያበቃ ዓይን አለ። ቁስሉ ኮርኒያ ላይ ብቻ ተወስኖ፣ ሌንሱ ሳይነካ የተረፈ ሰው ማለት ነው። ዕድለኛ ነው።

ጀርም እንዳይዝ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል። አደጋው ከፍ ካለ፣ ለምሳሌ አፈር የነካው ነገር ከሆነ፣ ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም በቀጥታ ዓይን ውስጥ ይወጋሉ። መጠኑ ከአንድ ጠብታ ብዙም አይበልጥም። ዓይን ውስጥ መግል ከያዘ ቀናት አይሰጥም፤ በሰዓታት ውስጥ ሬቲናን ሊያጠፋ ይችላል።

ውስጥ የቀረው ባዕድ ነገርስ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ጀርመናዊው ዩሊየስ ሂርሽበርግ በኤሌክትሮማግኔት ብረት ከዓይን ማውጣት ጀመረ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ትልቅ ማግኔት ከውጭ ሆኖ ሲስብ ብረቱ በፈለገው መንገድ ነው የሚወጣው፤ መንገዱ ላይ ያገኘውን ይቀድዳል። ዛሬ ወደ ውስጥ ገብተን፣ እያየን፣ በቀጭን መቆንጠጫ ወይም በትንሽ ማግኔት እናወጣዋለን።

ይህን ያስቻለው ሮበርት ማኸመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቪትረክቶሚ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አመጣ። ከዚያ በፊት ቪትረስን መንካት የሚፈራ ነገር ነበር። ዓይኑ በደም የተሞላ ወይም ሬቲናው በጠባሳ የተጎተተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደረግለትም ነበር። ማኸመር ዓይኑን ሳይከፍት፣ በነጩ ክፍል በኩል በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ ቪትረሱን እየቆረጠ የሚመጥና በምትኩ ፈሳሽ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም። በኔ አስተያየት ለተወጋ ዓይን ከማይክሮስኮፕ ቀጥሎ የመጣ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንግዲህ ብዙ ጊዜ ይኼው ነው። መቼ ይሠራ የሚለው ላይ እኛ ሐኪሞች ዛሬም እንከራከራለን። ብዙዎች ከመጀመሪያው ስፌት በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ይመርጣሉ። ወዲያው ቢሠራ ዓይኑ የተቆጣ ነው፣ ይደማል። ጥቂት ቀን ሲታገሥ የረጋው ደም ይቀልጣል፣ ቪትረሱም ከሬቲና ራሱ እየተላቀቀ ይመጣል። ብዙ ቢዘገይ ደግሞ ጠባሳ ያድጋል። መግል ከያዘ ወይም አደገኛ ባዕድ ነገር ካለ ግን ቀን አይቆጠርም።

ስለ ጠባሳው ልናገር። ዋናው ጠላታችን እሱ ነው። ሰውነት ቁስልን የሚዘጋበት መንገድ ቆዳ ላይ ይጠቅማል፤ ዓይን ውስጥ ግን ያጠፋል። ከቁስሉ የተነሱ ሴሎች በሬቲናው ላይና ሥር ይበዛሉ፤ ሽፋን ይሠራሉ። ሽፋኑ ይኮማተራል። ሬቲናውን ይጎትተውና ከግድግዳው ይለየዋል። በደንብ የተሰፋ፣ በደንብ የጸዳ ዓይን በስድስተኛው ሳምንት እንዲህ ሊሆን ይችላል። ይህን በአስተማማኝ የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለንም። ያለን መከታተል፣ ሲመጣ ገብቶ ሽፋኑን መላጥ፣ ሬቲናውን በጋዝ ወይም በሲሊኮን ዘይት መደገፍ ነው። ዘይቱ በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጋዙ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ጋዝ የተደረገላችሁ ሰዎች ሁለት ነገር አትርሱ። በግንባር መደፋት ከተባላችሁ አንገት ቢያማችሁም ተደፉ። ጋዙ ሳይጠፋ አውሮፕላን አትሳፈሩ፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ይሰፋና የዓይን ግፊቱን ያንረዋል።

ሌንስስ? የተወጋ ሌንስ ውሃ ይጠጣና ይነጣል። የዓይን ሞራ ይሆናል፤ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ። እሱ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ይህ ሌንስ ራሱ ከተወጋ ዓይን የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪዎች የሚቀመጡበት ክፍል መስኮት ፐርስፔክስ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። በጥይት ሲሰበር ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው የዓይን ሐኪም ስብርባሪው ዓይን ውስጥ እያለ ሰውነት እንዳልተቆጣበት ተመለከተ። ከዚያው ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃወሙት። «እኛ ከዓይን ባዕድ ነገር ስናወጣ እሱ ያስገባል» ዓይነት ነገር። ዛሬ የሞራ ቀዶ ሕክምና ያለዚህ ሌንስ አይታሰብም።

ኮርኒያው መሃል ላይ ጠባሳ ከቀረ ደግሞ ንቅለ ተከላ አለ። ይህም ከኛ ርዕስ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ኤድዋርድ ዚርም በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ኦሎሞውትስ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ የሰው ኮርኒያ ንቅለ ተከላ አደረገ። ተቀባዩ ኖራ ዓይኖቹን ያቃጠለው ሠራተኛ ነበር። ኮርኒያው የተገኘው ብረት ገብቶበት መዳን ካልቻለ የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ዓይን ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የአንዱ ንቅለ ተከላ ጠርቶ ቀረ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ።

አሁን ስለ ደህነኛው ዓይን። አልፎ አልፎ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ፣ አንዱ ዓይን ተወግቶ ሌላው ሳይነካ ይታመማል። ሲምፓቴቲክ ኦፍታልሚያ እንለዋለን። የዓይን ውስጣዊ ክፍል ከሰውነት መከላከያ ተከልሎ የሚኖር ነው። ሲበሳ መከላከያው ያንን ያያል፤ እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል። ከዚያ ሁለቱንም ዓይን ያጠቃል። አብዛኛው ከጉዳቱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይታያል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣበትም አለ። ለዓይነ ስውራን የሚዳሰሰውን ፊደል የፈጠረውን ሉዊ ብራይልን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ። በ3 ዓመቱ፣ በኮርቻ ሠሪ አባቱ የሥራ ክፍል ሲጫወት ወስፌ አንድ ዓይኑን ወጋው። በ5 ዓመቱ ሁለቱም ጠፍተው ነበር። በዘመኑ ኢንፌክሽኑ ተሻገረ ተባለ። ዛሬ ታሪኩን የሚያነቡ ብዙ የዓይን ሐኪሞች ይህኛው በሽታ እንደነበር ይጠረጥራሉ።

ዛሬ በስቴሮይድና መከላከያን በሚያረጋጉ ሌሎች መድኃኒቶች ቶሎ ከተጀመረ ብዙዎቹ ማየታቸው ይተርፋል። ስለዚህ ያልተጎዳው ዓይናችሁ ብርሃን ከጠላ፣ ከቀላ ወይም ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ኑ። ድሮ ይህን በመፍራት ብቻ የተጎዳ ዓይን ቶሎ ይወጣ ነበር። አሁን ግን በሽታው ብርቅ ስለሆነና ስለሚታከም፣ ሊሰፋ የሚችል ዓይን በመጀመሪያው ሌሊት አይወጣም። በመጀመሪያ ምርመራ ብርሃን እንኳ ያልለየ ዓይን፣ ደሙ ሲጠራና ሬቲናው ሲመለስ የተወሰነ ማየት ያገኘበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ አይደለም። ግን አለ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ያያል ወይ? የዓይን ሐኪሙ ፌሬንስ ኩንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት መለኪያ ከ2,500 በላይ ጉዳቶችን አይተው ነጥብ አሰጣጥ ሠሩ። መነሻው የመጀመሪያው ቀን ማየት ነው። ከዚያ ዓይኑ ፈንድቶ ከሆነ፣ መግል ከያዘ፣ ስለቱ በሌላ በኩል ከወጣ፣ ሬቲናው ከተላቀቀ፣ የዓይኑ ብሌን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ ከደከመ ነጥብ ይቀነሳል። በላይኛው የነጥብ ክፍል ካሉት ከ10 ሰዎች 9 ያህሉ 6/12 ወይም ከዚያ የተሻለ ያያሉ፤ ማለትም ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር ይለያሉ። በታችኛው የነጥብ ክፍል ካሉት ከ4ቱ 3ቱ ያህል ብርሃን አይለዩም። ሐዘን ነው። ግን ከ4ቱ አንዱን ልብ በሉት። ነጥቡ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ነው፤ ፊት ለፊቴ ስለተቀመጠው አንድ ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አሰልቺ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚያቋርጠው። ዓይኑ ነጣ፣ ሕመሙ ጠፋ፣ ታዲያ ምን አስመጣኝ ይላል። የኮርኒያ ክሮች ለአዋቂ ከ3 ወር ግድም ጀምሮ ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ክሩ ሲወጣ የኮርኒያው ቅርጽ ይለወጣል፤ ስለዚህ መነፅር ከዚያ በፊት ቢታዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው። መነፅር ካላረመው ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ይሞከራል። ጎርበጥባጣውን ኮርኒያ በለስላሳ ገጽ ስለሚሸፍነው «አያይም» የተባለ ዓይን በድንገት ሁለትና ሦስት መስመር ተጨማሪ ሲያነብ ይገኛል። ንቅለ ተከላ ከማሰብ በፊት ይህ ይሞከር ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ። ግላኮማም፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳው በሽታ፣ ክትትል ይፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ ድምፅ ሳያሰማ ሊመጣ ይችላል።

ልጆች ላይ ሰዓቱ ይፈጥናል። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት አንጎል ማየትን ገና እየተማረ ነው። የተጎዳው ዓይን ለወራት ካልጠራ አንጎሉ ይተወዋል። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ ልጁ ግን አያይበትም። ስለዚህ ክሩ ቶሎ ይወጣል፣ መነፅሩ ቶሎ ይታዘዛል፣ ደህነኛው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል። ልጁ ይበሳጫል፣ ያለቅሳል፣ ሽፋኑን ቀዶ ይጥላል። ወላጆች፣ ከኔ ቀዶ ሕክምና የእናንተ ትዕግሥት ይበልጣል ስላችሁ ለማስደሰት አይደለም። መምህራንም ሽፋን አድርጎ የመጣ ልጅ እንዳይሳለቁበት ጠብቁልኝ።

ማየቱ ያልተመለሰለትስ? በአንድ ዓይን መኖር ይለመዳል። ውሃ መቅዳት፣ ደረጃ መውረድ፣ መርፌ መሰካት መጀመሪያ ያስቸግራል፤ በወራት ውስጥ አንጎል ርቀትን በሌላ መንገድ መገመት ይማራል። በጎን የሚታየው ስለሚቀንስ መንገድ ሲሻገሩ አንገትን ማዞር ልማድ መሆን አለበት። ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል፤ አሠሪዎች ሰውየውን ሳትሞክሩ አታሰናብቱት። አንድ ነገር ግን ግዴታ ነው። የቀረው ዓይን ሌላ መተኪያ የለውምና ሰውየው ቁጥር ባያስፈልገውም ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መነፅር ቀኑን ሙሉ ያድርግ። ብረት በሚመታበት፣ በሚቆረጥበትና በሚፈጭበት ክፍል ደግሞ ሁለት ዓይን ያለውም ሰው ያለ መከላከያ መነፅር አይግባ። የደህንነት ኃላፊዎች፣ መነፅሩን ስትገዙ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይሞክሩት። የሚያልባቸውና የሚጭር መነፅር ግንባር ላይ ነው የሚውለው።

እኔ ጨርሻለሁ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ታካሚዎችና ወላጆች፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።